የቅቤ ምራቂ

ለጋ ቅቤ በሁለት መዳፍ መሀል ሲቀልጥ የሚያወጣው ሽታ ሩቅ አይሄድም። ድስት ላይ የሚነጠር ቅቤ ጎረቤት ይጠራል፤ ይሄኛው ግን ከአንድ ክንድ በላይ አያልፍም። ጥቂት ወተት፣ ጥቂት ሣር፣ የቀረው የሰው እጅ ነው። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ጧት ጧት ይህ ሽታ ቤታችን እየገባ ይወጣል። ባለቤቴ ሰላም ወንድ ልጅ ወልዳለች። ታላቅ እህቴ ዘነበች በመጀመሪያው ሚኒባስ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ ትወርድና የግቢያችንን የብረት በር በሁለት እጇ ገፍታ ትገባለች፤ እጇን ታጥባ ልጁን ጭኗ ላይ ትዘረጋውና ታሸዋለች። ሰላም አጠገቧ ተቀምጣ ታያለች። እኔ ደጃፉ ላይ በርጩማ አለኝ፣ ጉልበቴ ላይ ደብተር አለኝ፤ ከዚያ ሆኜ የማየው ብዙ ነው። ልጁ ግራ እግሩ ሲታሽ ቀኙን እንደሚያጥፍ አውቃለሁ። ሆዱን በክብ ስትዳብሰው ከንፈሩን እንደሚያሾል አውቃለሁ። ታቅፌው ግን አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ አንገቱ ይጽና እላለሁ። ሰኞ ለሁለት ወር ሥራ ወደ ሐዋሳ እሄዳለሁ፤ ቦርሳዬ ግማሽ ተሞልቶ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ሰላም ስለዚህ ነገር የተናገረችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ስትመለስ ድምፅህን እንጂ እጅህን አያውቀውም አለችኝ። ደብተሬን ገለጥኩ።

ባለፈው ሳምንት ሴቻ ወዳለው ጤና ጣቢያ ለክትትል ወጥተን ነበር። ከሩቅ አገር ለትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረች ወጣት ነርስ እናቶቹን አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድራ በአሻንጉሊት ታሳያቸው ነበር። ማሸት መጎተት አይደለም አለች። አፍንጫ አይሳብም፣ እግር በግድ አይዘረጋም፣ የራሱ እርግብግቢት አይጫንም። በልክ ከተዳሰሰ ልጁ ይተኛል፣ የሆዱ አየር ይወጣለታል፣ የሚያሸው ሰውም ልቡ ይረጋል፤ ልጁ ምን ሲል ምን እንደፈለገ ማወቅ የሚጀመረው በእጅ ነው አለች። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን ተደግፈን የቆምነውን ወንዶች አየችና ይሄ ለአባቶችም ነው አለች። ሁለት ሰዎች ሳቁ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ነበር፤ ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩት። ነርሷ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ከሷ አስቀድሞ የነገረችኝ ግን ቅቤ ተራ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ያቺ ደግሞ አፍንጫም ትስብ ነበር።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም። የሴቻ ሚኒባስ ረዳት ሃምሳ ሳንቲም የሚመልስበት፣ ሳይመልስ ሲቀር ደግሞ ተሳፋሪ ሁሉ ተባብሮ የሚቆጣበት ጊዜ ነበር። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ያለው ስልክ የያዘ ሰው ይከበራል። መናኸሪያው ማዕዘን ላይ በሚሞሪ ካርድ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ነበረ፤ ባለሱቁ የወደደውን አንድ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ስለሚደጋግመው፣ ወደድንም ጠላንም ሲቀላ ውስጥ ያን ዘፈን በቃሉ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ወጣቱ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ይለብሳል። እኔም የተቀደደ ነበረኝ፤ ልዩነቱ የእኔ በራሱ ጊዜ የተቀደደ መሆኑ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሲወርዱ ጫማቸውን አይቼ ማን ከከተማ ማን ከገጠር እንደመጣ እለይ ነበር፤ ማንም ያልጠየቀኝ ሙያ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ እህቴ ቤት ተጠግቻለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። ጋሽ ከድር የሚባሉ የስልጤ ነጋዴ ስኳር በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀልሉ ነበርና ስኳሩን ቤት አራግፌ ጋዜጣውን አነባለሁ፤ ግጥም ያለበት ገጽ ከደረሰኝ ያን ቀን ሻይ ያለ ስኳር ብጠጣም ቅር አይለኝም። ዛሬ የጋሽ ከድር ልጅ በፌስታል ነው የሚሸጠው። ከፌስታል ግጥም አይነበብም።

ዘነበች ከገበያው ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ ይወጣል፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ቤቱ ካደረ ብዙ ነው። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ስለዚህ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አጠገቧ የነበርነው እኔና የቤት አከራያችን ነን። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ከሆስፒታል ይዛ የተመለሰችው ልጅ ሴት ናት፤ ትንሽ ናት፣ እግሮቿ የእኔን አውራ ጣት ያህላሉ። እህቴ አልጋ ላይ ወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር፤ ስታየው ዋለች። በማግስቱም ስታየው ዋለች። አከራያችን ልጅቷን ጡቷ ላይ ስታስጠጋላት አትከለክልም፣ ክንዱን ለመርፌ እንደሚሰጥ ሰው ነበረች፤ ልጅቷ ስትጠግብ ግን አትቀበላትም፣ አትነካትም። ስም አላወጣችላትም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሐዘን ማለት ማልቀስ ይመስለኝ ነበርና፣ የማያለቅስ ሰው ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የባሏ እናት ከምዕራብ ዓባያ መጡ። ሰባት ልጅ ያሳደጉ፣ ረጅም፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። አንድ ቀን አድረው ሁሉን አዩ። በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ለእህቴ ጀርባ ተናገሩ።

«ልጄ፣ አልፈርድብሽም። ልጅ ግን ግድግዳ አያሳድገውም። እኔ የምትታለብ ላም አለችኝ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜም እንዲህ ከሆንሽ ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ።»

ክፋት አልነበረበትም። ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ መከራከር ይቻል ነበር። ይበልጥ ያስፈራኝ ደግሞ እህቴ ሰምታ አለመዞሯ ነው።

ሴትዮዋን እስከ ምዕራብ ዓባያ ሸኘሁ። ስመለስ አውቶቡሱ ሰው ለመጫን ሲቆም አንድ ጎረምሳ በመስኮት በኩል በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ዘረጋልኝ። የሕፃን ቅቤ ነው አለኝ። አከራያችን ልጅቷ ቅቤ ትቀባ ስትል ሰምቼ ነበርና ደስ አለኝ፤ ዋጋው የገበያውን ግማሽ መሆኑ ደግሞ ሊያጠራጥረኝ ሲገባ የባሰ ደስ አሰኘኝ። ቤት ስደርስ አከራያችን ገላዋን ቀባቻት። በነጋታው ጧት ከመስኮቱ ጀምሮ በግድግዳው ላይ፣ በቀን መቁጠሪያው ሥር፣ እስከ ልጅቷ መኝታ ድረስ የጉንዳን ሰልፍ ተዘርግቶ አገኘን። ቅቤው ግማሹ የበሰለ ሙዝ ነበር። በሙዝ አገር ተወልጄ፣ በሙዝ ሹፌር ቤት እያደርኩ፣ ሙዝ ገዝቼ መጣሁ። አከራያችን ልጅቷን በለብ ያለ ውኃ እያጠበች፣ ጎሽ፣ ቀጥሎ ደግሞ ስኳር አምጣላት አለችኝ። እህቴ ጉንዳኖቹ ፊት ለፊቷ በግድግዳው ላይ ሲሄዱ ታይ ነበር።

የተረፈውን ቅቤ ይዤ ሲቀላ ገበያ ወረድኩ። ቅቤ ተራው ከሸማ ተራው አልፎ ነበር፤ ዛሬ የስልክ መሸጫዎች የተደረደሩበት ነው። ሴቶቹ ከደጋ፣ ከጨንቻ በኩል የመጣ ቅቤ ሰፌድ በሚያህል ቅጠል ላይ ይዘረጉና ደጋግመው ውኃ ይረጩበታል፤ ሙቀቱ ያን ያህል ነው። መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው እትዬ አማረች ትባላለች። አርባዎቹ ውስጥ ናት፣ ክንደ ወፍራም፣ ሁልጊዜ የወንድ ሹራብ የምትለብስ፤ ደጋ ለምዳው ከነሹራቧ ቆላ ወረደች ይሏታል። አፍ የፈታችው በጋሞኛ ነው፤ በአማርኛዋ ውስጥ ሴት የለችም፣ እናትም ሕፃንም ሁሉም «አንተ» ነው። ቅቤዬን በአውራ ጣቷ ዛቅ አድርጋ እጇ ጀርባ ላይ አሸችው፣ አሸተተችው፣ ቀመሰችው፣ ከዚያ አጠገቧ ላሉት ሴቶች አዞረችው።

«የዚህ ላሙ ቅጠል አለው» አለች።

ተራው ሁሉ ሳቀብኝ። ስቀው ሲጨርሱ ቅቤው ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት፤ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ስለነበር ይሁን ስለ ጉንዳኑ፣ ካሰብኩት በላይ ነገርኳት። ግድግዳውንም፣ ቅዳሜውንም። ቅቤዋን መዘነችልኝ። ዋጋው ከጎረምሳው እጥፍ ነበር፤ ስከፍል ፊቴን አይታ፣ ለሕፃን የሚገዛ ሰው ምራቂ አለው አለችኝ። ምራቂዋ ተጨማሪ ቅቤ አይደለም። ቤት ድረስ መጥታ ሦስት ጧት ልጁን ታሸዋለች። ለገዢዎቿ ሁሉ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ የሌሎቹ ሴቶች ቅቤ ከእሷ ባይለይም ወላድ ያለበት ቤት ወደሷ የሚሄደው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትደርስ መጣች። ልጅቷን እግሮቿን ዘርግታ ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ከእግር ጫፍ ጀመረች፤ ሩቅ ካለው ነው የሚጀመረው፣ እንግዳ ሰው በደጅ እንጂ በጓዳ አይገባም አለች። የእግር መዳፍ፣ ባት፣ ጭን፣ ከዚያ ሆድ በክብ፣ ከዚያ ክንድና ጀርባ፣ ፊት መጨረሻ። ቀኝ እጅ ከግራ እግር ጋር እያገናኘች ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ልጅቷ ፊቷን ስታዞር እጇን አንስታ ትጠብቃለች። «ካዞረ በቃኝ አለህ ማለት ነው» አለችኝ። ጋሞኛ እያንጎራጎረች አፍንጫዋን ሳብ ሳብ አደረገቻት፤ የዛሬዋ ነርስ ብታይ ኖሮ አንዳቸው ያንዳቸውን እጅ ይመቱ ነበር። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሰዓት አከታትላ ተኛች። እህቴ ግን ከቀን መቁጠሪያው አልተነሳችም። ሁለተኛውም ቀን እንደዚሁ። እትዬ አማረች ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ አልጋውን አየች፤ አልወደድኩትም፣ ቅቤ ስትመዝን እንደምታየው ነበር ያየችው።

በሦስተኛው ጧት ቀኝ እጇን በጥለት ቁራጭ ጠምጥማ መጣች። ቀይና ቢጫ ጥለት ነው፣ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ። ቅቤ ሳወርድ ወለም አለኝ አለች። ምራቂዬን ደግሞ ሳልጨርስ አልቀርም።

«ደብተር፣ ና፣ እጅህን ታጠብ» አለችኝ። ስሜን ጠይቃኝ አታውቅም።

አልችልም አልኳት። እጅህ ብዕር እንጂ ዶማ ይዞ አያውቅ፣ ለስላሳ ነው፣ ምን ሰበብ አለህ አለች። ታጠብኩ፣ ቅቤውን በመዳፌ አቀለጥኩ፣ እግሯን ያዝኩ። እኔ በእጄ አሽቼ የማውቀው ቧንቧ ላይ ካልሲ ብቻ ነው፤ ልጅቷንም እንደዚያው አደረግኋት። ጮኸች። ልቀቅ የምትለኝ መስሎኝ እትዬ አማረችን አየኋት። አላለችም።

«ጎበዝ፣ እንዲያ ነው። ጠንከር አርግ።»

ጠንከር አደረግሁ። የልጅቷ ፊት ጠቆረ፣ ድምፅዋ ተቆረጠና ተመልሶ መጣ። ያን ድምፅ ስንት ዓመት እንደሰማሁት አሁን አልገልጽም።

«ልጄን ካልሲ አደረጋችኋት።»

አልጋው ላይ ነው። ዘነበች ዞራ ክርኗን ተደግፋለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር፤ ከወለደች ወዲህ ሰው ስታይ ማየቴ ነው። ልጄ ማለቷን ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

«ስጠኝ» አለችኝ።

ሰጠኋት። እትዬ አማረች ቀልዷን ተወች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአፏ ብቻ መራቻት፤ ቅቤውን መጀመሪያ አሙቅ፣ በሙሉ መዳፍ ያዝ፣ በጣት አትንካ፣ ዓይኑን እያየህ። እህቴ እንደተባለችው አደረገች። መጀመሪያ እጇ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ሆዷ ላይ ስትደርስ ልጅቷ ዝም አለች፤ አፏ ተከፍቶ ቀረና ቀጥ ብላ አየቻት፤ እህቴም አየቻት። የዘነበች ቀሚስ ደረቱ ላይ በሁለት በኩል ረጠበ። ወተቱ ራሱ መጥቶ ነው። ጎንበስ ብላ አየችውና፣ ቤቱ የሚያፈስ ይመስል፣ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። እትዬ አማረች ሳቀች። እህቴ አልሳቀችም፤ እጇን ግን አላነሳችም።

ተአምር አልሆነም። ቀኑን መልሳ ግድግዳውን ስታይ ዋለች። ነገር ግን በማግስቱ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትደርስ ማንም ሳይጠራት ተነስታ ተቀመጠች። ያቺ ግማሽ ሰዓት የሷ ሆነች። ከዚያ አንድ ሰዓት ሆነች። አንድ ጧት የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው ላይ አወረደችውና ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ጻፍበት ብላ ሰጠችኝ። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ቀን ልጅቷን ምሕረት አለቻት። ከዚያ በፊት ምን ትባል ነበር ብሎ የጠየቀ የለም።

እኔ የማልፈልገውን ያየሁት ግን በዚያው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ገበያ ስሻገር እትዬ አማረች የሞላ እንስራ ብድግ አድርጋ የአህያ ጋሪ ላይ ስትጭን አገኘኋት፣ ያለ ጥለት፣ በቀኝ እጇ። ተደብቄ አየኋት። ተናደድኩ፤ እህቴ ዳነች ብዬ አልተደሰትኩም፣ ካልሲ አጣቢ የተደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ ተናደድኩ። የዚያን ጊዜ ትልቁ ነገር ክብሬ ነበር። በማግስቱ ጧት ስትመጣ ጥለቱ ተጠምጥሟል፤ ግራ እጇ ላይ። ዘንግታዋለች። ፊት ለፊት አየኋት፣ እሷም እጇን አየች፣ አልቀየረችውም። ምራቂው ሦስት ቀን አልነበረም እንዴ ብዬ ነገር ፈለግኋት።

«ምራቂ የሚሰጠው ሻጩ ነው። ገዢው አይቆጥርም» አለችኝ።

እህቴ ምንም አላየችም ብዬ አሰብኩ። ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነበር፤ እኔም አልነገርኳትም። ብነግራት የምታቆም መሰለኝ። ትልቅ ምስጢር የያዝኩ መስሎኝ ስንት ዓመት ዝም አልኩ።

ቅዳሜ የባሏ እናት መጡ። አዲስ ጋቢ በክንዳቸው፣ ጡጦ በከረጢታቸው ይዘዋል። ጊዜው የማሸት ሰዓት ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሙ። ዘነበች ቀና አላለችም፤ ምሕረትን ጭኗ ላይ አድርጋ እግሯን ይዛለች፣ በእትዬ አማረች ጋሞኛ ታንጎራጉራለች፣ ቃሉን አታውቀውም፣ ዜማውን ብቻ። ሴትዮዋ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ተቀመጡ። እኛ ከራስ ነበር የምንጀምረው አሉ በመጨረሻ። ዘነበች፣ ሩቅ ካለው ነው የሚጀመረው እማማ አለቻቸው። አልተከራከሩም። ሲያልቅ ጋቢውን ራሳቸው ዘርግተው ልጅቷን ተቀበሏት፣ አለበሷት፣ ለእናቷ መለሱላት። ምሳ ሳይበሉ በቀን መኪና ሄዱ። ጋቢውን ትተውታል። ጡጦውን ግን ይዘውት ተመለሱ።

እትዬ አማረች ያን ቀን አመሻሽ ላይ ብቅ ብላ ጥለቷን ፈትታ ምሕረት መኝታ ላይ ጣለችው፣ ልጁ ይጫወትበት አለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣችም፤ ገበያ ሳገኛት ላሙ ቅጠል አወጣ ወይ ትለኛለች። ገበያው ሲታደስ ቅቤ ተራው ተነሳ፣ እሷም ወደ ጨንቻ ተመለሰች ሲሉ ሰማሁ። ስለሷ በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ግጥም ጽፌ ነበር። እጅ የሚል ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ገብቶበታል፣ አንዱም አይይዝም። ምሕረት አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ከእኔ ትረዝማለች፣ ግጥም አትወድም። እሷን ካስለቀስኩባት ከዚያች ጧት ወዲህ ግን ሕፃን ነክቼ አላውቅም። ሰው ልጁን ሲሰጠኝ ደብተር ይዣለሁ እላለሁ፤ ሁልጊዜም ይዣለሁ። የማየትን ነገር እንደ ሥራ ይዤው፣ አንዳንዴም እንደ ሥራ ተቆጥሮልኝ፣ እዚህ ደረስኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጧት በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ስለ ሽታው የጀመርኩትን ስጽፍ የብረቱ በር ተከፈተ። ያ በር ዝገት ይዞታል፤ በአንድ እጅ ከተገፋ ያቃስታል፣ በሁለት እጅ ከተገፋ አንዴ ጮኾ ዝም ይላል። አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ዘነበች ገባች። ቀኝ እጇ በጥለት ተጠምጥሟል። ቀዩ ቀለም ወደ ጡብ መልክ ሄዷል፣ ቢጫው ጠፍቷል ማለት ይቻላል፣ ግን የማውቀው ጥለት ነው። ወለም አለኝ አለችን። ሰላም ደንግጣ ቅባት ላምጣ ስትል፣ የለም፣ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ አለች፤ ከዚያ ተቀምጣ ጠበቀች። ልጁ አልጋው ላይ እግሩን ያወራጫል። ብዕሬን ከደንኩ።

«የትኛው እጅሽ ነው?» አልኳት።

አየችኝ። አልሳቀችም።

«የፈለግከው» አለችኝ።

ደብተሩን በርጩማው ላይ ትቼ ወጣሁና ታጠብኩ፣ እስከ ክርኔ። ቅቤው በመዳፌ ላይ ለመቅለጥ ጊዜ ወሰደ፤ እጄ ቀዝቃዛ ነበር። ሽታው መጣ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት ሳይሆን ከራሴ። ልጁን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ከሩቁ ጀመርኩ። ግራ እግሩን ስይዘው ቀኙን አጠፈ፣ እንደማውቀው፤ ከደጃፉ ሆኜ ያላወቅሁት የመዳፉን ሙቀት ነበር፣ ገላው ሁሉ እዚያ የተከማቸ ይመስላል። ፊቱን አዞረ። እጄን አነሳሁ፣ ጠበቅሁ። መልሶ አየኝ። ባቱ ላይ ስደርስ ምናልባት ጠንክሬበት ይሆናል፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ማልቀስ ጀመረ፤ ሰላም ከአልጋው ዘንበል ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ስጠኝ» አለች።

«ቆዪ» አልኳት። እጄን አላላሁ እንጂ አልለቀቅሁም።